ያረጁ የባክአፕ ላይሰንሶች፦ ለአምስት ኮምፒውተር ሁሉንም ማደስ ግድ ነው?

የመንደራ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እዚህ ጅማ፣ ቤታችን ውስጥ አምስት ኮምፒውተር አለ። አንዱ የአባቴ ዴስክቶፕ ነው። የቡና ሂሳቡን የሚይዘው በሱ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ፒችትሪ የሚባል የሂሳብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ሁለት ላፕቶፖች ዊንዶውስ 10 ናቸው። የእህቴ ላፕቶፕ አዲስ ነው፣ ዊንዶውስ 11 ያለው። የማስተርስ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነው። አምስተኛው ልጆች ፊልም የሚያዩበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው።

ከዓመታት በፊት ውጭ ያለ አጎታችን የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሶፍትዌር ገዝቶ ልኮልን ነበር። አክሮኒስ ትሩ ኢሜጅ 2014 ለሦስት ኮምፒውተር፣ ቆይቶ ደግሞ ማክሪየም ሪፍሌክት 7 ለሁለት። ሁለቱም አንዴ ብቻ ተከፍሎባቸው ያለ ጊዜ ገደብ የሚሠሩ ላይሰንሶች (የመጠቀሚያ ፈቃዶች) ናቸው። ጥሩ አገልግለውናል። አሁን ግን የአክሮኒሱ ማስነሻ ሲዲ (ዊንዶውስ ባይነሳም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው) የእህቴን ላፕቶፕ ዲስክ ጨርሶ አያየውም። ላሳድገው ብዬ ድረ ገጻቸው ብገባ ሁሉም ነገር በዓመት የሚከፈል ሆኗል። ለአምስት ኮምፒውተር በየዓመቱ በዶላር መክፈል ለቤታችን ይከብዳል።

የምንፈልገው ቀላል ነው። ዲስክ ቢሞት ኮምፒውተሩን እንደነበረ መመለስ። አምስቱንም ማደስ አለብኝ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?


ጥገና_አጂፕ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ገበያው ምን ላይ እንዳለ እወቅ። አክሮኒስ ለቤት ተጠቃሚ አንዴ ብቻ የሚከፈልበት ላይሰንስ የሸጠው እስከ ትሩ ኢሜጅ 2021 ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ የዓመት ክፍያ ብቻ ሆነ። ማክሪየምም እ.ኤ.አ. በ2024 ሪፍሌክት ኤክስ የሚለውን ሲያወጣ እዚያው መንገድ ገባ። ነጻ እትማቸውም እ.ኤ.አ. በ2024 መግቢያ ላይ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱን አቆመ። ስለዚህ እንደ ድሮው ትንሽ ጨምሮ ወደ አዲሱ እትም መሸጋገር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብታድስ የምትገባው ወደ ዓመታዊ ክፍያ ነው።

የዓመት ክፍያው ሲያልቅ ምን እንደሚሆንም አስብበት። አክሮኒስ ላይ የደንበኝነት ጊዜው ሲያበቃ የተቀመጠውን መመለስ ትችላለህ፣ አዲስ ባክአፕ መውሰድ ግን አትችልም። አንድ ዓመት ዶላር ካላገኘህ ባክአፕህ እዚያው ላይ ይቆማል።

የእህትህ ዲስክ ያልታየው ላይሰንሱ ስላረጀ አይደለም። የ2014ቱ ማስነሻ ሲዲ በአሮጌ ሊኑክስ የተሠራ ነው። አዲሶቹ ላፕቶፖች ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ የሚባል ፈጣን ዲስክ ነው ያላቸው። ብዙዎቹ የኢንቴል ማሽኖች ደግሞ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ዲስኩን ቪኤምዲ ከሚባል መቆጣጠሪያ ጀርባ ያስቀምጡታል። ሲዲው ይህን የሚያውቅበት ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም) የለውም። ማክሪየም 7 ማስነሻውን በዊንዶውስ ፒኢ (በትንሹ የማስነሻ ዊንዶውስ) ስለሚሠራ ድራይቨር ሊጨመርለት ይችላል። አክሮኒሱን ግን ለሷ ላፕቶፕ እርሳው።

ደግሞም አምስቱ ኮምፒውተሮች እኩል አይደሉም። የልጆቹ ፊልም ቢጠፋ ማንም አያለቅስም። የአባትህ ሂሳብና የእህትህ ጽሑፍ ቢጠፉ ግን ቤቱ ይናወጣል። ለአምስቱም አንድ ዓይነት ሶፍትዌር መግዛት አለብኝ የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ተወው።


ቆጪ_99፦

ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል? አዲሱን ከነክራኩ (ላይሰንሱን ከሚሰብረው ፕሮግራም ጋር) በትንሽ ብር የሚጭኑልህ ሱቆች ሞልተዋል። ለአምስቱም በአንድ ቀን ያልቅልሃል።


ጥገና_አጂፕ፦

@ቆጪ_99 በዚህ ጉዳይ አልስማማም፤ ስለ ሕጉ ብቻም አይደለም። ባክአፕ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ከፍተኛውን ፈቃድ ይዞ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱን ፋይል ያነባል፣ ዲስኩን ከሥር ጀምሮ ይጽፋል። ክራኩ ሲጫን የሚጠይቅህ የመጀመሪያ ነገር ደግሞ አንቲቫይረሱን አጥፋ የሚል ነው። ማን እንደሠራው ለማታውቀው ፕሮግራም የቤቱን ሁሉ ቁልፍ ሰጠኸው ማለት ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚህ በር ገብቶ የመጣልኝ ኮምፒውተር ጥቂት አይደለም። ባክአፑ ራሱ የተቀመጠበት ኤክስተርናል (በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ) ተሰክቶ ስለነበር እሱም አብሮ ተቆልፏል። ነጻና ሕጋዊ የሆነ ነገር እያለ ወደዚህ መሄድ ለምን?


ሂሳብ_ሠራተኛዋ፦

ስለ አባትህ ኮምፒውተር ልናገር፤ ሥራዬ ስለሆነ።

ፒችትሪ ክፍት ሆኖ እያለ የድርጅቱን ፎልደር ወደ ፍላሽ ኮፒ ማድረግ ባክአፕ አይባልም። ፒችትሪ የሚሠራው ፐርቫሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ነው። ፋይሎቹ በሥራ ላይ እያሉ ከተቀዱ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀዳ ይችላል። ስትመልሰው አይከፈትም፣ ወይም ይከፈትና ሂሳቡ አይገጥምም። ትክክለኛው መንገድ ከራሱ ከፕሮግራሙ ፋይል ሜኑ ገብቶ ባክአፕ ማለት ነው። ፒቲቢ የሚል ማለቂያ ያለው አንድ ፋይል ያወጣልሃል። የድርጅቱን ስም በፋይሉ ስም ውስጥ የሚያስገባው ምርጫ ላይ ምልክት አድርግ። ቀኑንም ጨምር። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ የብዙ ወራቱን በአንድ ፍላሽ መያዝ ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 አልቆ ዓመቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ለብቻው አንድ ባክአፕ ውሰዱና አትሰርዙት። ፒችትሪ ላይ ዓመት ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ መክፈት የለም። መመለሻው ያ ፋይል ብቻ ነው። የገቢዎች ኦዲት ከዓመታት በኋላ ሲመጣ የሚፈለገውም እሱ ነው።

የፒችትሪውን መጫኛ ሲዲና ሲሪያል ቁጥር አብራችሁ አስቀምጡ። በአዲስ እትም የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌው ላይ አይመለስም። ስለዚህ የትኛው ዓመት እትም እንደሆነ ፋይሉ አጠገብ ጻፉበት።

የባክአፕ ሶፍትዌር ስለመግዛት ስናወራ ሰዎች የሚረሱት ይሄን ነው። ሂሳቡን የሚያድነው ፒችትሪ ራሱ በነጻ የሚያወጣው ፋይል ነው።


ሬስኪውዚላ_ወዳጅ፦

ለአባትህና ለልጆቹ ዴስክቶፕ እኔ የምመክረው ላይሰንስ የሚባል ነገር የሌለበትን ነው። ክሎንዚላ ወይም ሬስኪውዚላ። ሁለቱም ነጻና ምንጫቸው ክፍት ነው። አንድ ፍላሽ ላይ ትጭነዋለህ፣ ኮምፒውተሩን በፍላሹ ታስነሳዋለህ፣ የዲስኩን ሙሉ ኢሜጅ (ዊንዶውሱንም ፕሮግራሙንም የያዘ ቅጂ) ወደ ኤክስተርናል ታወጣለህ። ያው ፍላሽ አምስትም ሃምሳም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ማንም ቁጥር አይጠይቅህም።

ክሎንዚላ በጥቁር ስክሪን በጽሑፍ ምርጫ ነው የሚሄደው፤ ላልለመደው ያስፈራል። ሬስኪውዚላ ግን በማውዝ የሚሠራ ነው፤ አራት አምስት ገጽ ላይ ቀጥል እያልክ ትጨርሳለህ። የክሎንዚላን ኢሜጅም ያነባል። ዲስኩ ላይ ያለውን የተያዘ ቦታ ብቻ ስለሚቀዱና ስለሚያምቁት ኢሜጁ ከዲስኩ በጣም ያንሳል።

ጉድለታቸውን ልንገርህ። ኮምፒውተሩ ሥራ አቁሞ ነው ባክአፕ የሚወሰደው። በየቀኑ በራሱ ሰዓት የሚሠራ ነገር አይደለም። ኢሜጁ የሚመለስበት ዲስክም ከመጀመሪያው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። የ500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ ኢሜጅ ወስደህ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ ልመልስ ብትል እምቢ ይልሃል። ለማይለወጥ ኮምፒውተር ግን ተወዳዳሪ የለውም። የአባትህ ዊንዶውስ 7 ደግሞ የማይለወጥ ነው፤ ከማይክሮሶፍት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። አንድ ጥሩ ኢሜጅ ውሰድለት፣ ከዚያ ቀን በቀን የፒችትሪ ፋይሉን ብቻ። ከኢንተርኔትም አርቀው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ አብዛኛውን የያዘው ማሻሻያ ያልተጫነባቸውን የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበር።


የመንደራ_ልጅ፦

@ሂሳብ_ሠራተኛዋ አባቴ ዛሬውኑ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ ወስዷል። እግዜር ይስጥልኝ።

ለሦስቱ ላፕቶፖችስ? እህቴ በየቀኑ ትጽፋለች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ በፍላሽ እያስነሳች ባክአፕ ትውሰድ ማለት አይሆንም። በራሱ የሚሠራ ያስፈልጋል።


ጥገና_አጂፕ፦

ለነሱ ቪም ኤጀንት ለዊንዶውስ የሚባለውን ተጠቀም። ነጻ እትም አለው። ቪም ዋና ሥራው ለትልልቅ ድርጅቶች ሰርቨር ነው። ነጻው የላፕቶፕ እትም ግን የሙከራ አይደለም፣ ጊዜ አያልቅበትም። ለማውረድ ኢሜይል ይጠይቃል። ዊንዶውስ እየሠራ እያለ የመላውን ኮምፒውተር ባክአፕ ይወስዳል። ከመጀመሪያው በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይጨምራል። ከውስጡ አንድ ፋይል መዝዘህ ማውጣት ትችላለህ። ማስነሻ ፍላሽ ራሱ ይሠራል፤ ሲሠራም የዚያኑ ኮምፒውተር ድራይቨሮች አብሮ ይይዛል። የእህትህ ላፕቶፕ ችግር የነበረው እሱ ነው።

ነጻው ላይ ያለው ገደብ አንድ የባክአፕ ሥራ ብቻ ማዘጋጀት መቻልህ ነው። ለቤት ይበቃል። ሲጨርስ ኤክስተርናሉን በራሱ የሚያላቅቅ ምርጫም አለው። እሱን አብራው፤ ቫይረስ ቢገባ ባክአፑን አያገኘውም። ሃስሊዮ ባክአፕ ሱት የሚባልም ነጻ አለ፤ ቪም ከከበደህ እሱን ሞክር፣ አጠቃቀሙ ቀለል ይላል።


ቦሳ_ቂጦ፦

ኤክስተርናልህ ምን ዓይነት ነው? ዌስተርን ዲጂታል ከሆነ አንድ የማይታወቅ ጥቅም አለው። የዲስክ አምራቾች ለደንበኞቻቸው ከአክሮኒስ ጋር ተስማምተው ነጻ እትም ይሰጣሉ። ዌስተርን ዲጂታል አለው፣ ሲጌት ዲስክዊዛርድ በሚል ስም አለው፣ ክሩሻልም አለው። ከኮምፒውተሩ ጋር የነሱ ዲስክ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ይሠራል። ሁሉም ነገር የለውም፤ ዲስክ ወደ ዲስክ መገልበጥና ኢሜጅ መውሰድ ግን ይቻላል። አዲስ ኤስኤስዲ ገዝቶ አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ወደሱ ለማዛወር ብቻ የሙሉ ዓመት ላይሰንስ የሚገዛ ሰው አያለሁ። ያሳዝነኛል። መጫኛው ከአምራቹ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል።


የመንደራ_ልጅ፦

ማይ ፓስፖርት ነው፤ የዌስተርን ዲጂታል! ይሄን ጨርሶ አላውቅም ነበር።


ጡረተኛ_መምህር፦

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኔም ጥያቄ አለኝ። ለዓመታት ያዘጋጀኋቸው የፈተናና የማስተማሪያ ጽሑፎች በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ኮምፒውተሬ ቢሞትና ፋይሎቹን ሌላ ላይ ብከፍታቸው ፊደሉ ሁሉ የእንግሊዝኛ ምልክት ይሆንብኛል ይሉኛል። ባክአፕ ይህን ያድናል?


ሬስኪውዚላ_ወዳጅ፦

ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ጥያቄዎ በጣም ትልቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያጣው በዚህ ነው።

የኮምፒውተሩን ሙሉ ኢሜጅ ከወሰዱ ፊደሉም ፕሮግራሙም አብሮ ይቀመጣል። እንደነበረ ይመለሳል። ፋይሎቹን ብቻ ወደ ፍላሽ ከገለበጡ ግን ፊደሉ አብሮ አይሄድም። ያ ጽሑፍ የተጻፈው ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት ስለሆነ ያለ ራሱ ፎንት አይነበብም። ሦስት ነገር ያድርጉ። ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ፎልደር የፓወር ግዕዙን ፎንቶች ከጽሑፎቹ ጋር ይገልብጡ። የፕሮግራሙን መጫኛም ካለዎት አብረው ያስቀምጡ። በጣም የሚወዷቸውን ጽሑፎች ደግሞ አሁን፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ እያለ፣ ፒዲኤፍ ያድርጓቸው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ የትም ይነበባል። ቤትዎ መጥቼ ልረዳዎት እችላለሁ፤ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ።


ጡረተኛ_መምህር፦

ተባረክ ልጄ። እጽፍልሃለሁ።


ሂሳብ_ሠራተኛዋ፦

ስለ ክፍያው ጥቂት ልጨምር፤ እስካሁን ማንም አላነሳውም። የምትገዛው ነገር ቢኖር እንኳ ከጅማ ሆኖ መክፈል ራሱ ሥራ ነው። ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ በአብዛኛው የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ላለው ነው። ብዙ ሰው እንደ አጎታችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ያስቸግራል። አንዴ የሚከፈል ሲሆን ዘመድን መጠየቅ ቀላል ነበር። በየዓመቱ ሲሆን ግን የዘመድ ካርድ ላይ በራሱ የሚታደስ ክፍያ ትተክልበታለህ ማለት ነው። ሳያስበው ገንዘቡ ሊቆረጥ ይችላል። ከተገዛ በዚያው ቀን አውቶማቲክ እድሳቱን አጥፉት፤ የከፈላችሁበት ጊዜ አይቀነስም።

ሁለተኛ ዶላሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ዋጋው ሳይጨምር በብር እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ለቤት የምመክረው ገንዘቡን ለዲስክ ማዋል ነው። ሁለተኛ ኤክስተርናል ዲስክ አንዴ ይገዛል፤ የዓመት ላይሰንስ ግን ዲስክ አይሆንም።


ቦሳ_ቂጦ፦

በሁለተኛው ዲስክ እስማማለሁ። አንዱ ቤት፣ ሌላው ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ጅሬን ዘመድ ካላችሁ እዚያ። ሌባ ወይም እሳት ሁለቱንም በአንዴ እንዳያገኛቸው። በወር አንዴ አቀያይሯቸው።


ጥገና_አጂፕ፦

ስለ መብራት ልጨምር፤ እዚህ ከተማ ያለ ሰው ሊዘለው አይችልም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር መብራት የሚሄደው ባክአፑ መሐል ላይ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይተርፋል። ኤክስተርናሉም ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ነው። ዴስክቶፕ ግን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ባክአፕ አትጀምር። የተቋረጠ ባክአፕ አንዳንዴ ደህና መስሎ ይቀመጣል፤ ችግሩ የሚታወቀው በምትፈልገው ቀን ነው።

የተለወጠውን ብቻ እየጨመረ የሚሄድ ባክአፕ ሰንሰለት ነው። መሐል ላይ አንዱ ከተበላሸ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አይመለሱም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ከመጀመሪያው አዲስ ሙሉ ባክአፕ አስጀምር። ባክአፑ ደህና መሆኑን የሚፈትሸውን (ቬሪፋይ) ምርጫም አብራ፤ ጊዜ ይወስዳል ግን ይወሰድ።

ዋናው ፈተና ደግሞ መመለስ ነው። በማስነሻ ፍላሹ እያንዳንዱን ኮምፒውተር አንዴ አስነሳና ሁለት ነገር እይ። የውስጡን ዲስክ ያየዋል? ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ባክአፕ ይከፍተዋል? ሁለቱ ከሆኑ በአብዛኛው ደህና ነህ። ትርፍ አሮጌ ዲስክ ካለህ ደግሞ እሱ ላይ መልሰህ ዊንዶውስ ሲነሳ እይ። ይህን ያላደረገ ሰው የሁሉንም ውድ ሶፍትዌር ቢገዛ ባክአፕ አለኝ ማለት አይችልም።


የመንደራ_ልጅ፦

የደረስንበትን ልንገራችሁ።

የአባቴንና የልጆቹን ዴስክቶፕ በሬስኪውዚላ ኢሜጅ ወሰድንላቸው። የልጆቹን አሮጌ ትርፍ ዲስክ ላይ መለስነው፤ ዊንዶውስ ተነሳ፣ ሁሉም ፋይል አለ። ሦስቱ ላፕቶፖች ላይ ቪም ጫንን። የእህቴ ማስነሻ ፍላሽ ዲስኩን አየው። ጽሑፏን ደግሞ ለብቻው ጎግል ድራይቭ ላይ አደረገች፤ 15 ጊጋው ነጻ ቦታ ለጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ላይሰንስ አልገዛንም። ያወጣነው ለሁለተኛ ኤክስተርናል ብቻ ነው። አክስቴ ጅሬን ስለምትኖር አንዱ እሷ ጋ ይቀመጣል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። በአክሮኒስ 2014 የተወሰዱ አሮጌ ባክአፖች አሉን፤ ሶፍትዌሩን ባጠፋው ይከፈታሉ? የእህቴ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በራሱ በርቶ አገኘነው፤ ያስቸግራል?


ጥገና_አጂፕ፦

አሮጌዎቹ ቲብ የሚል ማለቂያ ያላቸው ፋይሎች ናቸው። የሚከፍታቸው አክሮኒስ ራሱ ነው። ስለዚህ ያንን ሲዲ አትጣለው፤ ላይሰንሱ ዛሬ የሚጠቅምህ ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ የአክሮኒስ እትሞች ቲብን ይከፍታሉ፤ ከ2020 እትም ጀምሮ የመጣውን ቲብኤክስ ግን የአንተ አሮጌ አይከፍተውም። ከውስጣቸው የሚያስፈልጉህን ፎቶዎችና ሰነዶች አውጥተህ እንደ ተራ ፋይል አስቀምጣቸው። ከዚያ በኋላ በማንም ሶፍትዌር አትታሰርም።

ቢትሎከሩን አታጥፋው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ይጠቅማል። 48 አሃዝ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ ግን ዛሬውኑ አትማችሁ አስቀምጡ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ በራሱ ያበራዋል፣ ቁልፉም አካውንቷ ውስጥ ይገኛል። ማዘርቦርድ ቢቀየር ወይም ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ ያን ቁልፍ ይጠይቃል። ሌላም አለ፤ ቪም ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ስለሚቀዳ የሚያስቀምጠው የተፈታውን ዳታ ነው። ስለዚህ ባክአፑ ላይ የይለፍ ቃል አድርጉ።


የመንደራ_ልጅ፦

ቁልፉ ታትሟል። ሁላችሁንም ገለቶማ!


ቆጪ_99፦

እኔም ሬስኪውዚላውን አወረድኩት፣ ጥሩ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እነዚያ ሁለት ላፕቶፖች ምን ይሁኑ? ለነሱም ላይሰንስ ሊገዛ ነው?


ሬስኪውዚላ_ወዳጅ፦

አይ። ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ሰጥቷል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ። 30 ዶላር የሚለውን ምርጫ አትንካ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጎቹን ባክአፕ ካደረገ በነጻ ይሰጣል። አንድ አካውንት እስከ አሥር ኮምፒውተር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በአንዱ አስመዝግባቸው። ዊንዶውሱ 22ኤች2 የሚለው እትም መሆኑን ብቻ አስቀድመህ አረጋግጥ። መመዝገቢያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። ከመመዝገብህ በፊት የሁለቱንም ባክአፕ ውሰድ።